በጉና በኩል ያለው መስኮት

ልጅ እያለሁ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ የእኛ ቤት ልጆች ግን ፊታችንን ለመታጠብ እንሮጥ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አያ ካሳ ላሊበላ ሥራ ይዞ፣ አለቆቹ ለጉዳይ ሲልኩት ከባሕር ዳር በአውሮፕላን ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ለእናታችን፣ «የምቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነው፤ እዚህ ጋይንት ላይ ስደርስ ቁልቁል አይሻለሁ» አላት። እናቴ ያችን ቃል እንደ ስለት ያዘቻት።

ድምፁ ከጉና ተራራ ማዶ ገና እንደ ንብ እምም ሲል የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ይጠብቃታል፤ ያ የእበትና የገለባ ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። «በየቁመታችሁ ቁሙ! ሲቆጥረን እንዳይሳሳት» ትለናለች። እኔ የሁሉ ትንሽ ነኝና ጫፍ ላይ ቆሜ፣ እንዳይዘለኝ እየፈራሁ እንጠራራለሁ። ጎረቤታችን አያ በላይ በሬዎቹን አቁሞ ይስቅብናል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከዚያ ላይ ሆኖ ማን ያይሻል?»

«እግዜር ከዚያም በላይ ሆኖ ያየን የለም ወይ?»

አያ በላይ ተመልሶ በሬዎቹን ይነዳል።

አያ ካሳ ለፋሲካ ሲመጣ ገና እህል ሳይቀምስ፣ «አየኸን?» ትለዋለች። «አየሁሽ እንጂ! ይሄ ትንሹ እጁን ሲያውለበልብ ሳይቀር» ይላታል። በዚያች ቃል ዓመቱን ትከርማለች። እስክትሞት ድረስ አውሮፕላን ሲያልፍ ተቀምጣ አታውቅም።

ዘንድሮ ባሕር ዳር የዓይኔን ሞራ አስገፍፌ ስጨርስ፣ ልጄ «አያ ካሳን ሳይጠይቁማ አይመለሱም» ብላ ወደ ላሊበላ በአውሮፕላን ልታሳፍረኝ ወሰደችኝ። ወንበር የምትመድበዋን ልጅ፣ «በቀኝ በኩል አድርጊኝ የኔ ልጅ፤ ጉና የሚታይበት፣ ክንፉ የማይጋርደው መስኮት» አልኳት።

«አባባ፣ ስንት ጊዜ በረው ነው እንዲህ ያወቁት?» ብላ ሳቀች።

«እኔማ ገና ነኝ። ወንድሜ ነው የነገረኝ።»

ያልኩት መስኮት ደረሰኝ። ጉና አለፈ። ቆይቶ ከመንደራችን አጠገብ ያለውን የቤተ ልሔም ገዳም ደን ለየሁት፤ ያ ሁሉ ዛፍ የቀለም ጠብታ አክሏል። ደኑን መነሻ አድርጌ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ፣ መንደራችንን ፈለግሁ። አልፎ አልፎ ቆርቆሮ ብልጭ ይላል እንጂ የማን ቤት እንደሆነ አይለይም። አውድማ የለም። ሰው የሚባል ፍጥረት የለም። ክው አልኩ። ዓይኔ ነው እንዳልል ዓይኔ ጠርቷል።

«በስመ አብ! አያ ካሳ አንድም ቀን አላየንም ማለት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ደንግጦ፣ «አመመዎት እንዴ አባቴ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ላሊበላ አያ ካሳ ምርኩዙን ይዞ ተቀበለኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ፣ «አያ ካሳ፣ ከዚያ ላይ እኮ ሰው አይታይም!» አልኩት።

 «እኔም የመጀመሪያ ቀን እንዳንተው ነው የደነገጥኩት» አለኝ። «ከዚያ ወዲያም ቢሆን ያንን መስኮት ለሌላ ሰው ለቅቄ አላውቅም። አንድም ቀን ሳልፈልጋችሁ አላለፍኩም። ታዲያ ለእሷ አላየሁሽም ልበላት?»

ዛሬ የልጅ ልጆቼ በስልክ መልኬን እያዩ ያወሩኛል፤ ተመስገን ነው፣ ማን ከማን ጠፋ። ድንጋጤው ግን እስካሁን አለቀቀኝም። እኛ ከታች፣ እሱ ከላይ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንዴም ሳንተያይ ስንፈላለግ ኖርን፤ እናቴም በልጇ የታየች ያህል ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትገባ ነበር።