በሕማማት የተቀቀለ ሥጋ

በ1958 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ሳስተምር የተከራየሁት ክፍል እትዬ ወለተሐና ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሴት ነበሩ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

የሕማማት ሰኞ ጎረቤታችን በድሪያ እያለቀሰች መጣች። ባለሱቁ ባሏ ሞያሌ ሰንብቶ ተመልሶ መጋዘኑን ቢከፍት፣ ሲሄድ ሳያያት የቆለፈባት የሰፈር ድመት ከጆንያዎቹ ሥር አጥንቷ ገጥጦ ተገኘች። ሦስት ሳምንት አይጥ እየለቀመች፣ ከበርሜል የሚንጠባጠብ ውኃ እየላሰች ኖራለች። በድሪያ ወተት በሣህን ሞልታ ልታስጠጋላት ስትል እትዬ ወለተሐና ሣህኑን ነጥቀው ደፉት። ሁለታችንም ደነገጥን። እሳቸው ድመቷን በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዷት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። በድሪያ የምትልከውን ሥጋ ይቀቅላሉ፣ ስቡን ገፈው ይጥላሉ፣ መረቁ ለብ ሲል በሻይ ማንኪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠጧታል። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ያን ያህሉን። ረቡዕ ላይ ጥፍር የምታህል ሥጋ አድቅቀው ጨመሩላት። በየቀኑ በዘንቢል አድርገው የበድሪያ ባል ሱቅ ወስደው ያስመዝኗታል። ዓርብ ላይ በእግሯ ቆማ ግቢውን ዞረች።

ሰፈሩ ግን ድመቷን አላየም፤ ያሸተተው ሽታውን ነው። ክርስቲያን ሴት በሕማማት የእስላም ሥጋ ትቀቅላለች ተባለ። ስግደት ላይ አጠገባቸው የሚቆም ጠፋ። እሳቸው እህል ውኃ ሳይቀምሱ እያከፈሉ ስማቸው ጠፋ፤ አንድም ቀን ግን ልመልስ አላሉም። እኔም አፈርሁባቸው። ከሁሉ ያናደደኝ ንፉግነታቸው ነበር። ድመቷ ድስቱን እያየች ስትጮኽ እሳቸው ማንኪያውን አጥበው ያስቀምጣሉ።

የፋሲካ ጠዋት ጓደኛዬ ቤት ፈስኬ፣ የበግ ሥጋ በሣህን ይዤ ተመለስሁ። እሳቸው አክፍሎቱ አድክሟቸው ተኝተዋል። ለእሷም ፋሲካዋ ነው አልሁና ስብ ስቡን መርጬ አቀረብሁላት። አንዲት ሳታስተርፍ በልታ እጄን ላሰችኝ። እንደዚያ ቀን ደግ የሆንሁ መስሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ፣ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ወደቀች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። እትዬ ወለተሐና ሣህኔን አይተው ምን ያህል እንደበላች ጠየቁኝ። እስክትጠግብ አልኋቸው። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ በረገሙኝ ይሻለኝ ነበር። ዶማ አምጥተው ሰጡኝና ከአጥሩ ሥር ቆፈርሁ። እሳቸው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠው ድመቷን እቅፋቸው ውስጥ ይዘዋታል።

«ጣሊያን ሲወጣ ከተደበቅንበት በረሃ ወጥተን ወደራ የሚባል አገር ስንገባ ልጄ አራት ዓመቱ ነበር» አሉኝ። «አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። ደግ ሰዎች ወተት ሰጡን። ጨምሪልኝ እያለ ሲለምነኝ እንዴት እምቢ ልበለው? እስኪጠግብ በእጄ አጠጣሁት። ሌሊቱን አላደረም።»

ቁፋሮውን አቆምሁ።

«ቆፍር» አሉኝ። «አንተ አላወቅህም። እኔም አላወቅሁም ነበር።»