ሁለት ዓመት ያልተመለሰ የመድኃኒት ድስት

እንደ ጋሽ ሉዎ ያለ ፈሪ አይቼ አላውቅም። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀርከሃ ሲሰነጥቅና ወንፊት ሲሠራ ኖሯል። ወንዙ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ቤቱን ሲወስድበት እንኳ እንባ አልወጣውም። ከድልድዩ ማዶ ያለውን የእትዬ ዌንን ደጅ ማንኳኳት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አቃተው።

እኔ ሐኪም ጂ የሚያዙትን ሥራሥርና ቅጠል የምመዝን ሴት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሩዝ ታጭዶ ሲያልቅ፣ ጋሽ ሉዎ ደረቱን ይዞ ሱቃችን ገባ። ሐኪም ጂ ሦስት ጣታቸውን የእጁ አንጓ ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ልብህ ሦስቴ ትመታና አንዷን ትረሳለች» አሉ። «ምን እያሰብክ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

በማር የተቆላውን ጣፋጭ ሥር፣ ጂንሰንጉን፣ የቀረፋውን ጭራሮ፣ ዝንጅብሉንና ቀዩን ተምር ከሌሎቹ ጋር መዝኜ ሰባት ጥቅል ሰጠሁት። «በውኃና በሩዝ ጠጅ ቀቅለው፤ እሳቱ ለስለስ ይበል። ብረት ድስት እንዳይነካው፣ ሸክላ ይሁን» አልኩት። የሱ ሸክላ በጎርፉ ጊዜ ተሰብሮ ስለነበር ከእትዬ ዌን ተዋሰ።

ከሰው ሁሉ ለምን ከእሷ? በወጣትነታቸው ይዋደዱ ነበር። አባቷ ግን ጀልባ ላለው ሰው ዳሯት። እሱም ሌላ አገባ። ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀበሩ።

በወሩ ልቡ መርሳቷን ተወች። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ የተዋሱት መሰላል ይመለሳል፣ ጨውም ይመለሳል፤ የመድኃኒት ድስት ግን አይመለስም። ወደ ባለቤቱ ደጅ ይዞ መሄድ በሽታ ይዞ መሄድ ነው። የድስቱ ባለቤት ቤቷ ሰው ሲታመምባት ራሷ መጥታ ትወስደዋለች።

በየገበያው ቀን ሱቁ ይመጣል።

«እትዬ ዌን መድኃኒት ገዛች እንዴ?»

«አልገዛችም።»

«እሰይ» ይልና ፊቱ ይጠቁራል።

«እሰይ ካልክ ምን ያኮራምትሃል?»

«ከመጣች ታማለች ማለት ነው። ካልመጣች ደግሞ አላያትም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ሂድና ደጇን አንኳኳ!»

«ምን ብዬ? ባዶ እጄን? በዚህ ዕድሜዬ የሰፈር መሳቂያ ልሁን?»

እንደዚህ እያለ ይናፍቃታል። ድስቱን በየሳምንቱ እያጠበ መደርደሪያው ላይ ይመልሰዋል። አንጀቴን ይበላኛል፤ ደግሞም ያናድደኛል።

በዚህ ዓመት የጎመን ዘሩ እርሻ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ የታደሰ ወንፊቴን ልወስድ ቤቱ ነበርኩ። በመስኮቱ አየና የያዘው ቢላ ከእጁ ወደቀ። እትዬ ዌን ድልድዩን እየተሻገረች ነው።

«መጣች!» አለ። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ አመድ መሰለ።

በሩ ላይ ቆመች። «ድስቴን ልወስድ ነው።»

«ምንሽን አመመሽ?»

«መጀመሪያ ግቢ አይባልም?»

«ግቢ! ደረትሽን ነው? ሐኪም ጂ ጋ ሄድሽ?» ድስቱን አንስቶ አቀፈው። «አልሰጥሽም። ካልሰጠሁሽ አትታመሚም።»

ሳቀች። «ምንም አልሆንኩ፤ ደህና ነኝ። ልጄ ከተማ ሊወስደኝ ነው፣ ልጆቹን እንዳሳድግለት። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ይነሳል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ቤቱ ተሽጧል፣ ሉዎ።»

መውጣት ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ።

«ላመጣልሽ እፈልግ ነበር» አላት። «ሁልጊዜ። በሽታ ይዤብሽ እንዳልመጣ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም ሳትታመም ምን አመጣት እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሁለት ዓመት መስኮት ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩህ። በሽታም ቢሆን ይዘህ ብትመጣ እቀበልህ ነበር።»

እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ድስቱን እንዳቀፈ ኮቱን ደርቦ ወጣ።

«ኧረ አምጣ! የተዋሰ አይመልስም!»

«ዛሬስ እመልሳለሁ።»

የገበያ ቀን ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ መሃል፣ የመድኃኒት ድስት ታቅፎ ከጎኗ ሄደ። እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። ሰዉ መንገድ እየለቀቀ ይሸሻል። የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሴትዮ፣ «ጋሽ ሉዎ አበድክ እንዴ? ለማን ነው የምትወስደው?» ብላ ጮኸች።

«ለእትዬ ዌን!» አለ፣ መንገዱ ሙሉ እስኪሰማ።

አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ ድስቱን በመስኮት ሰጣት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ እጁን ያዘች። ሹፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ አልለቀቀችውም።

ከጋሽ ሉዎ ቤት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። የእሷ ቤት ከዚያም ይቀርብ ነበር።