ከስልሳ ዓመት በላይ፦ አንድ

ሙሉካ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ወንበር ላይ እግሯ ይርገበገባል፤ ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ስትመላለስ እንኳ ሹፌሩን ትንሽ ንዳው እንጂ ሳትለው አትቀርም። በ2005 ዓ.ም. ጎባ ያለ አንድ ክሊኒክ ቀጥሯት የታካሚዎቹን መዝገብ ወደ ዳታቤዝ ቀይሪልን ሲላት፣ እሳት የላሰች ናትና በሦስት ወር አደረሰችው። ሳምንት ይፈጅ የነበረው ሪፖርት በደቂቃ ይወጣ ጀመር። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱትን ስም ደግሞ ለብቻው ቆልፋ ከሐኪሙ በቀር ማንም እንዳያየው አደረገች። ራሷም አታየውም። በዚህ ኮራች፤ ትኩራ እንጂ!

ኃላፊው ጉዲሳ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ሪፖርቱን በመንደር፣ በጾታና በዕድሜ ከፋፍሎ አተመና፣ አሠራራችን ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ብሎ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። በሦስተኛው ቀን ሙሉካ በዚያ ስታልፍ ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ። እሷ የተወለደችበት የሲናና መንደር፤ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ሴት፣ ከስልሳ ዓመት በላይ፦ አንድ።

ስም የለም። ግን ከዚያ መንደር በየወሩ ጎባ የሚመላለሱ ስልሳ ያለፋቸው ሴት አዴ ዙቤዳ ብቻ ናቸው፤ የእናቷ ጎረቤት፣ ለወገቤ መርፌ ነው የሚሉት። ምን ጉድ ነው! ደጁን በቁልፍ ዘግታ ጓሮውን ረስታዋለች።

ወረቀቱን ቀደደችው። ጉዲሳ ስም የት አለበት ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን ወዲያው ወደ ኮምፒውተሯ ሄዳ፣ ከአምስት የሚያንስ ቁጥር ሁሉ «ጥቂት» ተብሎ ብቻ እንዲወጣ አስተካከለች። ጉዲሳ፣ ሪፖርቱን የምንልክለት ዞን ጥቂት የሚባል ቁጥር አያውቅም ብሎ አጉረመረመ። ያጉረምርም። እሷን የሚያብሰለስላት ሌላ ነው፦ በእነዚያ ሦስት ቀናት ማን አነበበው?

ቅዳሜ መንደሯ ሄደች። አዴ ዙቤዳ ደጃፋቸው ሰሌን ላይ ገብስ ሲለቅሙ አገኘቻቸው። ሰላምታው አላልቅ አላት። ደህና ነዎት ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ ከወትሮው አጥብቃ አቀፈቻቸው፤ ልልቀምልዎት አለች።

አሮጊቷ እጃቸውን ከገብሱ አነሱና ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺም አነበብሽው?» አሏት።

የሠራሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረባት። ከሰሌኑ ጫፍ ቁጭ አለች።