ቢላልን ቅዱስ ያልሁ ቀን

ልጅ ሳለሁ ቅዱሳን ሁሉ ጎረቤታሞች ይመስሉኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ የሁሉንም ታሪክ የሰማሁት ባንድ እሳት ዙሪያ ነው። ባሕር ዳር፣ ለጣና ቅርብ በሆነው ግቢያችን፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት ነበር እንዴ፣ መሪጌታው አያቴ ለትንኝ ብለው ከሐይቁ ዳር የታጨደ ደረቅ ደንገል ያጨሳሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሐጂ ሰይድም የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ።

ሁለቱ ሽማግሎች ተራ ገብተው ያወጉን ነበር። አያቴ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተቆርጣ፣ በቀረችው እግራቸው ቆመው እንደጸለዩ ሲተርኩ ሐጂ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከዚያ ሐጂ የቢላልን ይቀጥላሉ፤ እናቱ ሐበሻ፣ እሱ መካ ውስጥ ባሪያ፤ ጌታው በሚያቃጥል አሸዋ ላይ አጋድሞ፣ ትልቅ ድንጋይ ደረቱ ላይ አስጭኖ «ካድ!» ሲለው፣ ቢላል «አንድ ነው! አንድ ነው!» እያለ አምላኩን ይጠራል። እዚህ ላይ ሐጂ ስለሚጮሁ አያቴ «ኧረ ቀስ ይበሉ ሐጂ፣ ሰፈሩ ቤት ተቃጠለ ብሎ እንዳይመጣብን!» ይሏቸዋል። እኔ ግን ፍሙ ላይ አፍጥጬ የሚያቃጥለውን አሸዋ አያለሁ።

በአሥር ዓመቴ ለጥምቀት ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ጋር እንድወጣ ተመረጥሁ። ነጩን ቀሚሴን የሰፉልኝ ሐጂ ነበሩ፤ አንገቱን ብቻ ሦስት ጊዜ ለክተውኛል። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መምህራችን «በመከራ ጸንቶ ሃይማኖቱን ያልካደ ቅዱስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉንም ቀድሜ ተነሣሁና «ቢላል!» አልሁ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም። «እሱ የሙስሊሞች ነው። ተሳስቻለሁ በይና ተቀመጭ» አሉኝ።

«አልተሳሳትሁም! ድንጋይ ጭነውበትም አልካደም!»

«እንግዲያው ለጥምቀት አትወጭም።»

እያለቀስሁ ቤት ገባሁ። አያቴ መቋሚያቸውን ይዘው መምህሩ ዘንድ የሚሄዱልኝ መስሎኝ ነበር። ከቦታቸውም አልተነሡ። «ስሚ፤ ቢላል ከኛ ቅዱሳን አይቆጠርም፤ ይህን አለማወቅሽ ስሕተት ነው፣ ስሕተቱን እመኚ። አልካደም ያልሽው ግን እውነት ነው። እውነቱን ተሳስቻለሁ እንዳትዪ። ቀሚሱ ከቀረ ይቅር!» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቆሜ እንደዚያው ተናገርሁ። «ከኛ አለመሆኑን አላውቅም ነበር፤ በዚህ ተሳስቻለሁ። ግን አልካደም።» መምህሩ «መጨረሻውን ተዪና ድገሚው» አሉ። አልተውሁትም። ከሰልፉ ቀረሁ።

ይህን የሰሙ ለታ ሐጂ ያለቀውን ቀሚስ በክንዳቸው አንጠልጥለው መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል። «ልጄ፣ በኔ ወግ የተነሣ ካምላክሽ በዓል አትቅሪ። ያሉሽን ብለሽ ውጪ፣ እኔ አልቀየምሽም» ብለው ለመኑኝ። ቀሚሱ አማረኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም አማረኝ። ለእሳቸው ስል እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

«ሐጂ፣ ቢላልስ ያሉትን ብሎ ነው ወይ ከድንጋዩ ሥር የወጣ?» አልኋቸው።

ሐጂ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ቀሚሱን ለእናቴ ሰጥተው ሄዱ።

በጥምቀት ቀን የትምህርት ቤት ሹራቤን ለብሼ መንገድ ዳር ቆምሁ። ጓደኞቼ በነጭ ተሰልፈው ሲመጡ እንባዬ መጣ፤ ዋጥሁት። መዝሙሩን እንደሆነ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ሰልፉን በዳር እየተከተልሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ዘመርሁ። ተይ ያለኝም የለም።

ያኔ በጭሱ ውስጥ ከሰማኋቸው ታሪኮች ብዙው ጠፍቶብኛል። ቀሚሱም ሳልለብሰው ጠበበኝ። የማይቆጨኝ እንዳይመስላችሁ፤ ልጆች ወልጄም የመዘምራን ሰልፍ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ዛሬም ድገሚው ብባል ግን የምመልሰው ያንኑ ነው። አልካደም።