የእድሩ ትሪና የአባቴ ካምቢዮ

አባቴ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። "እኔ ያልጫንኩት አዲስ አበቤ ካለ ገና አልተወለደም ማለት ነው" ይላል። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታውና ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ "ንግግሩ ተርፏል" ብሎ አጽናናን። መትረፉን በማግስቱ እኛም፣ ነርሶቹም፣ የዋርዱ በሽተኞችም አረጋገጥን።

ችግሩ፣ አባቴ ተሳፋሪ መሆን አይችልም። የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኦሎምፒያ አንዲት ካፌ በር ላይ ተሰብስበው የከተማውን ሹፌር ሁሉ ሲያሙ ያረፍዳሉ። እሱ ከታመመ ወዲህ አንድ ቀን አልሄደም። እኔ ሴት ልጁ ታክሲ ልጥራልህ ስለው፣

"ሰው ስጭን የኖርኩ ሰውዬ ተጭኜ አልሄድም" አለኝ።

ጓደኞቹ ሊጠይቁት ካዛንቺስ ድረስ ሲመጡ ደግሞ የተኛ ለመምሰል ዓይኑን ይጨፍናል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከአጥር ውጭ የሚያልፈውን መኪና ሳያየው በድምፁ ይመረምራል። "ይሄ ፍሪሲዮኑን ጨርሶታል።" "ይቺ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ትወጣለች፣ አሳዳጊ የበደላት።" መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። ሲከርም ግን አንጀቴን በላው። አባቴ ከግቢው በር ሳይወጣ ሊያረጅ ነበር።

ሐኪሙ ቀኝ እግሩና እጆቹ ጤነኛ ስለሆኑ አውቶማቲክ መኪና መንዳት ይችላል ሲለኝ፣ ያለ የሌለኝን አሟጥጬ አንዲት ያረጀች ትንሽ ነጭ አውቶማቲክ ገዛሁ። አባቴ ዞር ዞር ብሎ አያት። ጎንበስ ብሎ እግር መርገጫዎቹን ቆጠረ፤ በግራ እግር የሚረገጠው የለም።

"ፍሪሲዮን የላትም?"

"የላትም አባዬ። ማርሹን ራሷ ነው የምትቀይረው።"

"ታዲያ ሹፌሩ ምን ይሠራል? ይጸልያል?"

እሷም ሳትውል ሳታድር የእሱን ሐሳብ ደገፈች። ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ወሬው አልደረሰውም። ቡልጋሪያ አካባቢ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ መጥቶ ዘይቱን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። "ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮው ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ ይቀየራል እንጂ አይፈታም" አለ። የመቀየሪያውን ዋጋ ሲነግረኝ ወንበር ፈለግሁ።

እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እስከዚያ ቀን ፈትቼ የገጠምኩት ትልቁ ነገር የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ነበር፣ እሱም እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል። ግን እልህ የሚባል ነገር ከአባቴ ወርሻለሁ። "አንተ አውርድልን፣ እኛ እንፈታዋለን" አልኩት። መካኒኩ ሳቀ። ካምቢዮውን አውርዶ ግቢያችን ውስጥ ጆንያ ላይ አስቀመጠውና፣

"ስትጨርሱ ለመግጠም ጥሩኝ። ለማልቀስ ከሆነም እመጣለሁ" ብሎ ሄደ።

እኔ ስልኬን ጣሳ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ እያየሁ እፈታለሁ፣ አባቴ ከወንበሩ ሆኖ በከዘራው ይጠቁማል። ሕጉ አንድ ነበር፤ የተፈታው ሁሉ በተፈታበት ተራ ይደረደራል። ለመደርደሪያ ደግሞ ትሪ አልቸገረንም። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሰፈሩ እድር ንብረት ያዥ ስለሆነ፣ የእድሩ ትሪዎች የሚቀመጡት እኛው እቃ ቤት ነው።

"ለቅሶ ቢመጣስ?" አልኩት።

"ማን ይሞታል? ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው።"

በሦስተኛው ትሪ ላይ ይመስለኛል፣ አንድ ከበሮ የሚመስል ነገር ከፍቼ ከውስጡ ስስ ስስ ክብ ዲስኮች ማውጣት ጀመርኩ። ከስለው ጠቁረዋል። አባቴ አንዱን ተቀብሎ አገላበጠው፣ በጥፍሩ ፋቀው፣ አሸተተው። ከዚያ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"ይሄማ ፍሪሲዮን ነው!"

ቀጥዬ ሌላ ከበሮ ከፈትኩ። እሱም ውስጥ ዲስክ አለ። አባቴ እንደ ልጅ በእጁ ጭኑን መታ። "የላትም ስንል ሆዷን ሞልታዋለች! እዪ ተንኮል! እየረገጠችው እኮ ነው፣ እዚያ ውስጥ ሆና፣ ያለ እግር!" ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስለ መኪናዋ ክፉ መናገር በቤታችን ተከለከለ። ምሳውን ሁሉ ካምቢዮው አጠገብ መብላት ጀመረ።

ፈትቼ በጨረስኩ ማግስት ሥራ ውዬ ስመለስ ግን ግቢው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ጆንያው ባዶ ነው። ትሪዎቹ የሉም። ግቢው መሀል ትልቅ የልብስ ሳፋ ተቀምጦ፣ ያ ሁሉ በተራ የተደረደረ ብረት እሱ ውስጥ ተከምሯል። የከሰሉት ዲስኮች በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ገመዱ ላይ ተሰጥተዋል። ሁሉም ታጥቧል። የሳሙናው ሽታ እስከ በሩ ይመጣ ነበር።

ከታች በኩል ያሉ አንድ አዛውንት አርፈው፣ የእድሩ ሴቶች ትሪ ሊወስዱ መጥተዋል። መሪያቸው፣ እኔ እትዬ እያልኳቸው ያደግሁት ጎረቤታችን፣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሽንኩርት ይዘው ሲያልፉ በራችን ላይ ቆም አሉ።

"ውይ ልጄ፣ እንዴት ያለ ቅባት ነው የሰበሰባችሁት! ብረቱን ዝም ብለን ከምንደፋው ብለን አንድ በአንድ አጠብንላችሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ወደ አባቴ ዞርኩ። "አባዬ! ተራው!"

"ሰው ሞቷል። ካምቢዮ አልሞተም።"

"አልሰጥም ማለት አቅቶህ ነው?"

"ለለቅሶ ትሪ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው? ካምቢዮ እየበላበት ነው ልበል?"

ቀብሩ ላይ እኔ ቆሜ መጣሁና ሁለታችንም ከሳፋው ጋር ተፋጠጥን። በከሰሉት ፋንታ የገዛኋቸው አዳዲስ ዲስኮችና የጎማ ማሸጊያዎች ቤት ውስጥ ስለነበሩ ተርፈዋል። ስፈታ በስልኬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ግማሹ ላይ የሚታየው የአባቴ ከዘራ ነው። እሱ "ይሄ ከዚያ በፊት ነው" ይላል፣ እኔ "አይደለም" እላለሁ፣ ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ሁለታችንም ያላለነውን ይላል። እንዲህ እየተጨቃጨቅን ገጠምነው። ከሳፋው ውስጥ የተረፈ አንድም ብረት ባለመኖሩ እንደ መሐንዲስ ኮራን።

መካኒኩ መጥቶ መኪናዋ ላይ ሰቀለው። አባቴ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ መሪው ላይ ተቀመጠ። ከታመመ ወዲህ መሪ ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። ሞተሩን አስነሳ። ወደፊት አስገባ። ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ቆማ ቀረች። ወደ ኋላ ሲያስገባ እሺ ብላ ወደ አጥሩ ሄደች። ደግሞ ወደፊት ሞከረ። ምንም።

ስድብ ጠበቅሁ፣ ማለቴ፣ ተመኘሁ። እሱ ግን ሞተሩን አጥፍቶ፣ በከዘራው ቀስ ብሎ ወርዶ፣ "ሽጪያት" አለኝና ገባ። በማግስቱ ወንበሩን ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ አዞረው። መኪና ሲያልፍ ምንም አይልም። የዚያን ሰሞን ያህል አባቴን የማጣ መስሎኝ ፈርቼ አላውቅም፣ ሆስፒታል እያለም እንኳ።

የለቅሶው ሰሞን አልፎ እትዬ የእድሩን ትሪ መለሱ። ቆጥረው አስረክበው ሲያበቁ ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱ።

"ጋሼ፣ ይሄ አምባር የእናንተ ቤት ይሆን? ከትሪው ሥር በግራሶ ተጣብቆ ተገኘ። ለቅሶ ቤት አስነግረን ሁለት ሴቶች የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተባባሉ። አንዷማ አጥልቃው በስንት ሳሙና ነው ያወለቅንላት። በኋላ ሁለቱም አፍረው ተዉት።"

አንድ ቦታ ላይ ክፍት የሆነ የብረት ቀለበት ነበር። መኪናዋን ወደፊት የሚወስዱትን ዲስኮች ከበሮው ውስጥ ቆልፎ የሚይዘው። አባቴ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ ደንግጬ ተነሳሁ። እየሳቀ ኖሯል። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"እኛ እዚህ ቆመን ቀርተን፣ ወደፊታችን ለቅሶ ቤት ተቀምጧል! ጥሪው ያን ሰውዬ!"

መካኒኩ ካምቢዮውን ደግሞ ሲያወርድ ያጉረመረመውን እዚህ አልጽፈውም። መልሶ ሲገጥም ግን አባቴን አስጠነቀቀው። "ጋሼ፣ ፍሪሲዮን የለመደ ሰው አውቶማቲክ ላይ ሲወጣ ግራ እግሩ ሳያውቀው ይረግጥና ፍሬኑን ያገኘዋል። ሁሉም መጀመሪያ በግንባሩ መስታወት ይመታል። ይጠንቀቁ።" አባቴ ወደፊት አስገባ። መኪናዋ ሳትጮህ፣ ሳታቅማማ ተንቀሳቀሰች። ግራ እግሩ ባለበት ተኝቷል።

"እዪው" አለ ወደ እግሩ እያየ፣ "ይሄ ሰነፍ ዛሬ ጠቀመኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኦሎምፒያ ስንሄድ ከዘራውን አስይዞ እኔን ከኋላ ወንበር አስቀመጠኝ። "ከጎኔ ከሆንሽ አብረሽኝ ፍሬን ትረግጫለሽ" ብሎ። ካፌዋ ከሩቅ ስትታይ ጥግ ያዘና አቆመ።

"አንቺ እዚህ ውረጂ።"

"ለምን?"

"ልጁ ደግፋ አመጣችው እንዲሉኝ ነው?"

ወረድኩ። መኪናዋ ከሄደች በኋላ ነው ከዘራው እጄ ላይ መቅረቱን ያየሁት። ሮጬ ልሰጠው አልኩና፣ አባቴ መኪናዋን ካፌዋ በር ላይ አቁሞ ጡሩምባውን ሲለቀው አየሁ። ሽማግሌዎቹ ማኪያቷቸውን እንደያዙ ወጥተው መኪናዋን ከበቧት። እሱ ከመሪው አልተነሳም፣ በመስኮቱ እጁን እያወናጨፈ ስለ ዲስክ ያስረዳል። ከዘራውን ከጀርባዬ ደብቄ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው መንገዱ ዳር ቆምኩ።

ማኪያቶው አልቆ ሐሜቱ ሲያበቃ ሞተሩን አስነሳ። ዞሮ መጣና አጠገቤ ቀስ አድርጎ አቆመ፣ በመስኮቱ ብቅ ብሎም ሰው እስኪዞር ድረስ ጮኸ።

"ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! አንድ ሰው!"

ገባሁ።