የስንጥቁ ዘበኛ

ትናንት ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ስሄድ፣ አስፋልቱን ለሁለት የከፈለው ስንጥቅ ውስጥ ሠራተኞች የፈላ ሬንጅ ሲያፈሱ ደረስኩ። ስንጥቁ ሲደፈን ሳይ አንድ የደርግ ዘመን ክረምት ትዝ አለኝ።

ከጣርማ በር ግርጌ ያለው ቆላችን ከጥንትም የሚንቀጠቀጥና የሚተረተር ምድር ነው። ያን ክረምት የማሽላ ማሳችን ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ቀበሌው «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» እያስፎከረ መንደሩን አስወጥቶ ስንጥቁን በአፈር አስሞላው። አካፋ በእጁ ያልነካው ካድሬ የተሞላውን ረገጥ ረገጥ አደረገና «ድል አደረግን!» አለ። አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ! ጎረቤታችን አባባ ሰይድም ዘበኛ ተደረጉ። ለጉድጓድ አፈር ዘበኛ!

አንድ ቀን ዶፍ ወረደና አፈሩ ሰምጦ ቀረ። ካድሬው እየሮጠ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አፈሩን የት አደረስከው?»

«ወላሂ፣ ጓድ፣ መሬቱ ነው የዋጠው።»

«መሬት አብዮቱን አይቃወምም! የሚቃወም ሰው ነው!»

የፊጥኝ አስሮ ወሰዳቸው። በደጃችን ሲያልፉ ወደ አባቴ ዞር ብለው፣ «ማሽላዬን አደራ። ስንጥቁን ተወው፤ እሱ ጠባቂ አይሻም» አሉ። ከዚያ ወዲህ አላየናቸውም።

ትናንት ሬንጁ ሳይደርቅ ክራቫት ያሰረ ሹም ለቴሌቪዥን ካሜራ ፈገግ ብሎ፣ «ችግሩ እስከ ወዲያኛው ተፈቷል» አለ። ቀጥሎም ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ «ማንም እንዳይነካካው ዘበኛ ቅጠሩበት» ሲል አዘዘ።

ከመንገዱ ዳር የቆሙ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኔ አለሁ፣ ጌታዬ» አሉ።