አጎቴ የገባበት ጥርስ

ልጅ ሳለሁ የሰማሁት ተረት ሁሉ ምድጃ ዳር የተነገረ ነው፤ የዚህኛው ግን ሽታው ቅርንፉድ ነው። ከሉማሜ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን መብራት በጠፋ ቁጥር የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ኩራዝ ይለኩሱና ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ፣ እጃቸው ሥራ ሳይፈታ ይተርቱልን ነበር። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ እሳቸውም የሚናገሩት ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው ይባላል። እኔ እንኳን ወርቁን፣ ያኔ ሰሙንም በቅጡ አልለይም ነበር።

አንድ ክረምት አባቴን ጥርሱን አመመው። ጉንጩ አብጦ ማላመጥ ሲያቅተው እትዬ ብርቄ ቅርንፉድ ወቅጠው በጠርሙስ አደረጉና የኑግ ዘይት አፈሰሱበት። ምድጃው አጠገብ ሞቅ ካለው ቦታ አሰነበቱት፤ ዘይቱ ጠቆር ሲል አንድ ምሽት በነጭ ጨርቅ እያጠለሉ ተረቱን ጀመሩ።

አንድ ትል የንጉሥ ጥርስ ውስጥ ገባ አሉ። ቢለምኑት፣ ቢያስፈራሩት፣ «ከሞቀ ቤቴ ማን ያስወጣኛል?» እያለ ሥር ሥሩን ይቆረጥማል። ጠቢባኑ ሁሉ አቃታቸው። በመጨረሻ ምስማር የምታህለው ቅርንፉድ ራሷን አስወቅጣ፣ ዘይት ሆና ገባችና ትሉን እዚያው በገባበት ገደለችው። ሌሎቹ ልጆች ደስ አላቸው። እኔ ፈራሁ።

የፈራሁት ወድጄ አይደለም። በዚያው ሰሞን እትዬ ብርቄ ለእናቴ «ሙላት እኮ ያን ባሕር ዛፍ ከቆረጠ ወዲህ ወንድሙ ጥርስ ውስጥ ገብቷል» ሲሏት ሰምቼ ነበር። ጋሼ ሙላት የአባቴ ታናሽ፣ ከገበያ ሲመለስ ለእኔ ሸንኮራ ሳይዝ የማያልፍ አጎቴ ነው። የድንበሩን ዛፍ አባቴን ሳያማክር ከቆረጠ በኋላ ግን ደጃችንን አልረገጠም። የት ገባ እያልኩ ስጨነቅ ነበር የከረምኩት፤ ለካ እዚያ ነው! የአባቴ ጉንጭ ያበጠውም ለዚህ ነው። ያን የሚያህል ሰው ከነጋቢው ከነዱላው እንዴት እንደገባ ግን አልገባኝም። ቢሆንም ትሉስ ቢሆን ገብቶ የለ?

እትዬ ብርቄ ጥጥ በዘይቱ ነክረው፣ «እንዳትውጠው» እያሉ ወደ አባቴ አፍ ሲያስጠጉ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠልኩ። እንባዬ መጣ።

«አባባ፣ ጋሼ ሙላት ይሞታል! መጀመሪያ እሱ ይውጣ፣ ከዚያ ትቀባለህ።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እናቴ ፊቷን አዞረች፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ እጃቸው ላይ ያለውን የጠርሙስ ክዳን መሬት ለመሬት ይፈልጋሉ።

«ማን አስገባው?» አለኝ አባቴ ባበጠ አፉ።

«አንተ ነሃ፤ ጥርሱ ያንተ አይደል?»

አባቴ ጥጡን ራሱ ተቀብሎ ያዘ። እኔ እንቅልፍ እስኪጥለኝ አልተቀባውም። ጠዋት ስነሳ አልነበረም፤ ዱላውን ይዞ ወደ ወንዙ ማዶ፣ ወደ ጋሼ ሙላት ቤት ወርዷል አሉኝ።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ሁለቱም ተያይዘው መጡ። ጋሼ ሙላት አንስቶ ሲስመኝ አንገቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ከየት እንደወጣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? አባቴ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ዘይቱን ተቀብቶ እንደነበር፣ ወንድሙንም አንገቱን አቅፎ እንደሳመው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የጥርስ ሐኪሙ ትል የሚባል ነገር የለም ብሎኛል፤ እኔም ቅርንፉዱን በኑግ ዘይት እዘፈዝፋለሁ እንጂ ትል ፍለጋ አይደለም። ግራ የሚያጋባኝ ሌላ ነው። እትዬ ብርቄ ያን ተረት የተረቱት ለጥርሱ ነው ወይስ እኔ እንድሰማ ብለው? እርጅና ከተጫናቸው በኋላ ጠየቅኋቸው። እንደ ልማዳቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ «ምን ያደርግልሻል? ወጣ አይደል?» አሉኝ። እስካሁን አልገባኝም። ቅርንፉድ በሸተተኝ ቁጥር ግን በሩን አያለሁ፤ ጋሼ ሙላት ሸንኮራ ይዞ የሚገባ ይመስለኛል።